ጤነኛ ሰው የድባቴ ኪኒን ሲውጥ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሐዋሳ፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ከቆምኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሰኔ ሲገባ ደንበኞቼ ይለወጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይበዛል፤ በተለይ ተመራቂው፣ ራሱን ጂሲ እያለ የሚጠራው። አምና አንዱ ዝናብ እንዳባረረው ሰው እየተቻኮለ ገባና፣ ሌሎቹ ገዢዎች እስኪወጡ የጥርስ ሳሙናዎቹን ሲያገላብጥ ቆየ። ሰው ሲቀል ስልኩን ዘረጋልኝ። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ካርቶን ፎቶ ነው፣ ባለ 20 ሚሊግራም።

«ዶክተርዬ፣ ይቺ አለች?»

እዚህ ከተማ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

«ማዘዣ ይዘሃል ወንድሜ?»

«አይ፣ እኔን እኮ አላመመኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ አለብኝ። የዶርሜ ልጅ ይወስዳታል፤ ጭንቀት ታጠፋለች፣ አእምሮም ታነቃለች አለኝ። ጤነኛ ስለሆንኩ ደግሞ ምንም አታደርገኝም፤ ቢበዛ ባትሠራ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ከተናገረው ውስጥ ትክክል የነበረው ዲፌንሱ ብቻ ነው። ሌላውን አንድ በአንድ ላንሳው። ለልጁ ያን ቀን በችኮላ ያልነገርኩትንም፣ ከሌሎች ደንበኞች የሰማሁትንም እጨምርበታለሁ።

«ጤነኛ ከሆንኩ ምንም አያደርገኝም»

ያደርጋል። ኪኒኑ ሆድ ከገባ በኋላ ማን ካርድ እንዳወጣ፣ ማን እንዳላወጣ አይለይም። ታማሚም ይዋጠው ጤነኛ፣ የሚሄድበት ቦታ አንድ ነው።

ይህን ለማስረዳት የምወዳት ምሳሌ አለችኝ። ወደ አሞራ ገደል ሲወረድ፣ የዓሣ ሾርባውን ጠጥቶ የሚወጣውን ሰው ሁሉ የምታስቀር የጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። እሷ ትቀዳለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ የተጠጣበትን ሲኒ እየለቀመች ትመልሳለች፣ ሳፋው ውስጥ ታለቀልቀዋለች፣ ረከቦቱ ላይ ትደረድረዋለች፤ በዚያው ሲኒ እንደገና ይቀዳል። ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ኑሮው እንደዚህ ሲኒ ነው። አንዱ የነርቭ ህዋስ በእሱና በጎረቤቱ መካከል ወዳለችው ጠባብ ክፍተት ይለቀዋል፤ ጎረቤቱ መልእክቱን ይቀበላል፤ ከዚያ የታናሽ እህትን ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን ሴሮቶኒኑን ለቅሞ ወደመጣበት ይመልሰዋል። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ኤስሲታሎፕራም፣ ፓሮክሴቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ሥራቸው የታናሽየዋን እጅ መያዝ ነው። ሲኒው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል። ጀበናው ውስጥ የተጨመረ ቡና የለም።

በተለመደው የሕክምና መጠን ከእነዚህ ለቃሚ ፕሮቲኖች 80 በመቶ ያህሉ እንደሚያዙ በአንጎል ምስል ተለክቷል። ይህም ሳምንታት አይፈጅም፤ ሰዓታት ይበቁታል። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀርመን ላይፕዚግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ለ22 ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ኤስሲታሎፕራም ሰጥተው አንጎላቸውን በኤምአርአይ አዩ። በዚያው ቀን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ የአንጎል ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ተለውጦ ተገኘ፦ በአብዛኛው አንጎል ግንኙነቱ ቀነሰ፣ ሴሬቤለምና ታላመስ በሚባሉት ክፍሎች ደግሞ ጨመረ። ሰዎቹ ድባቴ የሚባል አልነበረባቸውም። አንዲት ፍሬ ናት።

ስለዚህ «ቢበዛ ባትሠራ ነው» የሚለው ሒሳብ ከመነሻው ተሳስቷል። ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ነው መጠየቅ ያለበት።

«ዛሬ ብውጥ ነገ ደስ ይለኛል»

ቡና ቀጂዋ ቀና ብላ ጠረጴዛውን ስታይ፣ ሲኒው ሁሉ እዚያው ተደርድሯል። «በቅቷቸዋል ማለት ነው» ብላ ጀበናዋን ታስቀምጣለች። አንጎልም እንደዚያው ነው። ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ህዋሳት የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው የሚገኙት፤ በራሳቸው ላይ የምርታቸውን ብዛት የሚቆጣጠር መቀበያ አላቸው። ክፍተቱ ሲሞላ ያ መቀበያ «ቀንሱ» ይላል፣ እነሱም ይቀንሳሉ። ቀጂዋ የሲኒውን ብዛት ለምዳው እንደወትሮዋ መቅዳት እስክትጀምር ሁለት ሦስት ሳምንት ይሄዳል። ድባቴ ያለበት ሰው ለውጥ ለማየት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት የሚጠብቀው ለምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት ዋነኛ ማብራሪያዎች አንዱ ይህ ነው።

የእኔ ተመራቂ ዲፌንሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። አስቡት እንግዲህ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚያገኘው ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መላላት፣ ሌሊት ዓይን መፍጠጥ፣ ውስጥን የሚያቁነጠንጥ ስሜት ነው። ሁሉም ሰው ላይ አይወጣም፤ ግን የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ያኔ፣ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚህ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 እነዚህ መድኃኒቶች በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ እንዲጻፍ አዝዞ፣ በ2007 ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች አስፍቶታል። የዶርም ልጆች ዕድሜ ማለት ነው። ሐኪም ሲያዝ በየሳምንቱ ተመላለስ የሚለውም ለዚህ ነው። የዶርም ጓደኛ ሲያዝ ግን ቀጠሮ የለውም።

ደስታውስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመኝ፤ ትንሽ ብቆይበት አትቀየሙኝ።

ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ለሰባት ቀን ሲታሎፕራም የሚባለውን የእነኤስሲታሎፕራም ዘመድ እንዲወስዱ ተደርጎ ውጤቱ በ2004 ታትሟል። ስሜታችሁ ተለወጠ ወይ ሲባሉ፣ አልተለወጠም። ነገር ግን የሰው ፊት ፎቶ ሲያዩ ለውጥ ነበር፦ ፍርሃትና ቁጣ ያለበትን ፊት ባዶ (መድኃኒት የሌለበት) ኪኒን ከወሰዱት ሰዎች ያነሰ ይለዩ ነበር፤ ከተነገሯቸው ቃላት ደግሞ ደስ የሚሉትን የበለጠ ያስታውሱ ነበር። ይህ እንግዲህ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው ነው። ደስ አላለውም፤ ዓለምን የሚመዝንበት ሚዛን ግን በትንሹ ዘንበል ብሏል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 አሜሪካ ውስጥ ሃምሳ ያህል ጤነኞች ለአራት ሳምንት ተፈትነው ነበር፤ ግማሾቹ ፓሮክሴቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ይዘው። መድኃኒቱን የወሰዱት ቂምና ብስጭታቸው ቀነሰ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እንቆቅልሽ ሲፈቱም የበለጠ ይተባበሩ ነበር። የደስታ መጠናቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ምን ከፋ? ፍርሃትና ብስጭት ቢቀንስልኝ» ይል ይሆናል። እኔ ግን ፍርሃት ሁሉ በሽታ ነው ብዬ አላምንም። ባጃጅ በሚርመሰመስበት አደባባይ መንገድ ስሻገር የምፈራው ፍርሃት ለዓመታት በሕይወት አቆይቶኛል። የአለቃን ፊት አይቶ «ዛሬ አይሆንም» ማለትም ጥበብ ነው። ድባቴ የያዘው ሰው ሚዛኑ ወደ ጨለማው ተጣሟል፤ እሱን ማቃናት ሕክምና ነው። ቀጥ ያለ ሚዛን ላይ ተጨማሪ ድንጋይ ማስቀመጥ ግን ምን ይባላል?

«አእምሮ ታነቃለች» ወደሚለው ልለፍ። በዚህ ላይ መልሱን የሰጡት በኬምብሪጅና በኮፐንሀገን ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ በ2023 ባወጡት ጥናት። 66 ጤነኛ ሰዎች ነበሩ፤ 32ቱ ኤስሲታሎፕራም፣ 34ቱ ባዶ ኪኒን፣ ቢያንስ ለ21 ቀን። ትኩረትና ማስታወስ ተፈተነ፤ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ስክሪን ላይ ሁለት ምርጫ ይቀርባል፤ አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ያስሸልማል፤ ሰውየው ያንን ከተማረ በኋላ ሕጉ ሳይነገረው ይገለበጣል። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ከሽልማትና ከስህተት የሚመጣው ምልክት እንደ ሌሎቹ አይገፋቸውም ነበር። ትክክል ስሆን ደስ ይለኛል፣ ስሳሳት ይቆጨኛል የሚለው ነገር ነው የደበዘዘባቸው። ተመራማሪዎቹ ይህን ያያያዙት ታማሚዎች ከሚያማርሩት የስሜት መደንዘዝ ጋር ነው፤ መድኃኒቶቹን ከሚወስዱ ሰዎች ከ40 እስከ 60 በመቶው ይህን ያጋጥማቸዋል ተብሎ ይገመታል። አንዲት ደንበኛዬ፣ በሐኪም ታዝዞላት የምትወስድ፣ «ለቅሶ ቤት ሄጄ እንባዬ እምቢ አለኝ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አደረግኩ» ብላኛለች። ያም ሆኖ አላቆመችም፤ ከነበረችበት ጉድጓድ ጋር ስታስተያየው እንባ ማጣቱ ቀላል ነበር። ምንም ላልሆነ ሰው ግን ይህ በምን ይካካሳል? ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ደግሞ የሚያስፈልገው ስህተት እንዲቆጨው ነው።

ለሚዛናዊነት አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ኮፐንሀገን 32 ጤነኛ ሰዎች ኤስሲታሎፕራም ወይም ባዶ ኪኒን ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ወስደው ነበር። የነርቭ መገናኛዎችን ብዛት በሚያሳይ ምስል ሲታዩ፣ በአጠቃላይ በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልነበረም፤ ሆኖም ኤስሲታሎፕራም ከወሰዱት መካከል ረዘም ላለ ጊዜ የወሰዱት ብዙ መገናኛ ታየባቸው። ይህን «አንጎል ያሳድጋል» ብሎ የሚተረጉም ቲክቶክ ላይ አይጠፋም። ያ ለውጥ ለጤነኛ ሰው ይጠቅመዋል የሚል ነገር ግን ከጥናቱ አይወጣም።

«ሴሮቶኒን አንሶኝ ነው፤ ይሞላልኛል»

ይህ ስህተት የእኔም ነበር። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ማዘዣ ይዞ ለመጣ ሁሉ «አንጎልዎ ውስጥ አንድ ኬሚካል አንሷል፣ ይሄ ይሞላልዎታል» እል ነበር። ሰው ይወደዋል፤ ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና ቀላል ነው፣ ነውርም የለውም። ችግሩ እንደዚያ አለመሆኑ ነው።

ታሪኩ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች አይፕሮናያዚድ የሚባል መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። ለሳንባቸው የተሰጠው መድኃኒት ጉልበትና ፈገግታ ሰጣቸው፤ በመተላለፊያው ላይ እስከ መጨፈር ደረሱ። በኋላ መድኃኒቱ ሴሮቶኒንንና መሰሎቹን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ሲታወቅ፣ ሐሳቡ ወደ ኋላ ተገለበጠ፦ መጨመሩ ካበረታ፣ ማነሱ ነው የሚያስደብተው ተባለ። ቡና እንቅልፍን ካባረረ እንቅልፍ የቡና እጥረት ነው እንደማለት ነው።

ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ሙከራ ይህን አባባል ክፉኛ ጎድቶታል። ሰውነታችን ሴሮቶኒን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ትሪፕቶፋን ይባላል፤ ከምግብ ነው የሚገኘው። ትሪፕቶፋን የሌለበት ልዩ ውሁድ ጠጥተው በሰዓታት ውስጥ ሴሮቶኒናቸው እንዲወርድ የተደረጉ፣ በቤተሰባቸውም ድባቴ የሌለባቸው ጤነኞች በአብዛኛው ድባቴ ውስጥ አልገቡም። በ2022 ከለንደን የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ድባቴ የሚመጣው ሴሮቶኒን ሲያንስ ነው ለማለት የሚያበቃ ወጥ ማስረጃ የለም ብሏል። ይህ ዜና በወጣበት ሰሞን «መድኃኒቱ ውሸት ነው ተባለ» ብለው ያቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ያ ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። መንስኤው እጥረት አለመሆኑና መድኃኒቱ መሥራቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በ2018 በ522 ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ትንተና፣ ለከባድ ድባቴ የተፈተኑት 21 መድኃኒቶች ሁሉ በአዋቂዎች ላይ ከባዶ ኪኒን የተሻሉ ሆነው እንዳገኛቸው መርሳት የለብንም።

በዚህ ዙሪያ ያሉ ትንንሽ ስህተቶችን በጨረፍታ፦ ላቦራቶሪ ሄዶ በደም «የአንጎል ሴሮቶኒን» ማስመርመር አይቻልም። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ አንጀት ውስጥ ነው፤ ወደ አንጎልም አይሻገርም። የአርባ ምንጭ ሙዝም ሴሮቶኒን አለው፤ ግን ያው የአንጎል በር ላይ ይቀራል። ሙዙን ለጣዕሙ ይብሉት።

«ለእሷ የሠራላት ለእኔም»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። በመድኃኒት ግን ይህን ተረት የሚያስታውስ የለም። ሰፈራችን ውስጥ ቡና ላይ የሚዞረው ቄጠማና ፈንዲሻ ብቻ አይደለም፤ አሚትሪፕቲሊንም ይዞራል። አንዷ ለነርቭ ሕመም ታዝዞላታል፤ ጎረቤቷ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል፤ «እንኪ፣ ይቺን ግማሽ ዋጪና ትተኛለሽ»።

ትተኛለች፣ እውነት ነው። ይቺ መድኃኒት ከነፍሉኦክሰቲን በፊት የመጣች የድሮ ትውልድ ነች፤ ሴሮቶኒን ለቃሚውን ብቻ ይዛ አታበቃም። ሂስታሚን የሚባለውን፣ ንቁ አድርጎ የሚያቆየንን ኬሚካል ትዘጋለች፤ እንቅልፉ ከዚያ ነው። አሴቲልኮሊን የሚባለውን ሌላ የነርቭ ኬሚካልም ትዘጋለች፤ የአፍ ድርቀት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መያዝ፣ የዓይን ብዥታ ከዚያ ይመጣል። ከመጠን ሲያልፍ የልብን ኤሌክትሪክ ታዛባለች።

እኔ ራሴ ቀምሻታለሁ። ማይግሬን ሲያስቸግረኝ ሐኪሜ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም አዘዘልኝ፤ ለድባቴ ከሚሰጠው በጣም ያነሰ። ለአእምሮዬ ጤነኛ ነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነው የምነሣው፤ ውኃ እስክጎነጭ ቃል አይወጣኝም። በባጃጅ ወደ ሥራ ስሄድ ሁለት ጊዜ ፌርማታዬን አልፌያለሁ። ደስታም ኀዘንም አልጨመረልኝም። ራስ ምታቱ ግን በሁለተኛው ወር ሳሳ። ታዲያ ይህ ከ10 ሚሊግራም ነው፤ ጎረቤትየዋ የምትገምሰው ባለ 25 ሊሆን ይችላል፣ እሷም ስኳርና ግፊት ያለባት የ65 ዓመት እናት ልትሆን ትችላለች። ሌሊት ለሽንት ስትነሣ ግፊቷ ወርዶ ደጃፍ ላይ ብትወድቅ ማንም ከኪኒኑ ጋር አያያይዘውም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ይህን መድኃኒት ፍሪጅ ላይ ወይም ትራስ ሥር ማስቀመጥ አይገባም፤ ጥቂት ፍሬ ለትንሽ ልጅ ገዳይ ነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው የእኛው ነው። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አሚትሪፕቲሊንን፣ ፍሉኦክሰቲንን፣ ፓሮክሴቲንን ከሚሰባብሩት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ዘረመል ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ እምብዛም የለም። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው መድኃኒቱን ቶሎ ሰባብሮ ይጨርሳል። ስለዚህ ባንኮኒዬ ፊት ከተሰለፉ ሁለት ጤነኞች አንዱ ላይ ምንም ያልታየበት ኪኒን ሌላውን ቀኑን ሙሉ ሊያስተኛው ይችላል። «ለጓደኛዬ አልከበደውም» ማለት ስለ ጓደኛው ጉበት እንጂ ስለ እሱ ምንም አይናገርም።

«ብቻዋን አይደለም የምወስዳት፣ ከሌላው ጋር ነው»

ትራማዶል። በዚህ ጉዳይ ቃል ማለስለስ አልችልም። ትራማዶል ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ እሱም ለብቻው ሴሮቶኒን ለቃሚውን ይይዛል። ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር ሲገጥም ሴሮቶኒን ከልክ ያልፋል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥ፣ የልብ መምታት፣ የጡንቻ መፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት። በሰዓታት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሰፈር ውስጥ ወባ ወይም ሌላ ነገር ነው ተብሎ ጊዜ ይጠፋል። የሚጥል ሕመም የመቀስቀስ ዕድሉም ይጨምራል። ሁለቱን የወሰደ ሰው እንዲህ ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው፣ የወሰደውንም ሳይደብቅ ይናገራል። መድኃኒት ለተለማመደ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኒዞሊድም ከእነዚህ ጋር ይጋጫል፤ ሊኒዞሊድ ያ የድሮው አይፕሮናያዚድ የሚያግደውን ኢንዛይም እሱም በትንሹ ያግዳል።

ጫት ቃሚዎች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን፣ የሚያነቃቁትን የነርቭ ኬሚካሎች፣ የሚያስለቅቅ ነው፤ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ልብና ግፊት ላይ ይደረባል። በ2015 በኢትዮጵያውያን ላይ በታተመ ጥናት ደግሞ ጫት ያንኑ ሲዋይፒ2ዲ6 እንደሚያዳክም ታይቷል። ፍሉኦክሰቲን ራሱ ከዋነኞቹ አዳካሚዎች አንዱ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በዚያው ኢንዛይም የሚሰበር መድኃኒት ደም ውስጥ ሊከማች ይችላል፤ ሰውየው ግን የዋጠው ያችኑ አንድ ፍሬ ነው።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የሚያስብ ደግሞ የለም። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ሴሮቶኒን አያመርቱም፤ ከደም ውስጥ የሚለቅሙት በዚያችው በታናሽ እህት በኩል ነው። እጇ ሲያዝ እነሱም ባዶ ይቀራሉ። ጨጓራ ከሚልጡት ማስታገሻዎች ጋር ሲሆን የሆድ ውስጥ መድማት ዕድሉ ይጨምራል። ለጀርባ ሕመም በየቀኑ የሚውጥ ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር መቅረት የለበትም።

«የወንዶች ጉዳይ ነው፣ ዝም ብለህ ስጠኝ»

በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። ቶሎ ለሚጨርስ ወንድ እነዚህ መድኃኒቶች እንደሚያዘገዩ ተሰምቷል፤ እውነትም ነው፣ ዳፖክሴቲን የተባለው የእነሱ ዘመድ በአንዳንድ አገሮች ለዚሁ ተፈቅዷል። ስህተቱ «ለሌላ ነገር ስለሆነ አንጎሌን አይነካም» የሚለው ነው። መዘግየቱ የሚመጣው በዚያው በሴሮቶኒን በኩል ነው፤ ለወሲብ የተለየ መንገድ የለውም። ከመዘግየቱ ጋር ፍላጎት ማጣትም ይመጣል፤ ያኔ ሚስትየዋ ሌላ ሴት ያዘ ትላለች። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መናገር ይሻላል፤ እመኑኝ፣ በዚያ ቀን ይህን ለሐኪሙ የነገሩት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።

«ጨረስኩ፣ አቆምኩ»

ሱስ አያስይዝም እንላለን፤ ልክ ነው፣ መጠን ጨምሩልኝ የሚያሰኝ አምሮት የለውም። ሰው ግን ይህን የሚሰማው «እንዳሻህ አቁም» ብሎ ነው። ቡና ቀጂዋ ለሳምንታት የለመደችው ጠረጴዛ በአንድ ቀን ባዶ ይሆንባታል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ማዞር፣ ጭንቅላት ውስጥ ብልጭ የሚል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመስል ስሜት፣ ቅዠት፣ በትንሽ ነገር ማልቀስ ይመጣል። ጤነኛም ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ «ለካ ድባቴ ነበረብኝ» ብሎ ወደ ኪኒኑ የሚመለስ አለ፣ ያልነበረ በሽታ ይዞ። ፓሮክሴቲን በዚህ የታወቀ ነው። ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ እሱ ሲሰበር የሚፈጠረው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ለዚህም ነው አንዳንድ መድኃኒት ለመጀመር ፍሉኦክሰቲን ከቆመ አምስት ሳምንት የሚጠበቀው።

በሐኪም ታዝዞላቸው የሚወስዱትን በተመለከተ፦ ተሽሏቸው «አሁን ጤነኛ ነኝ» ማለታቸው እዚህ ከጻፍኳቸው ጤነኞች ጋር አያስቆጥራቸውም። ብዙ የሕክምና መመሪያዎች ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀጠል ይመክራሉ። ጸበል የሚሄዱም በየጊዜው ይጠይቁኛል። ጸበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ የሚጣላው በአንድ ቀን ጥሎ መሄዱ ነው።

ተመራቂውን ያን ቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠየቅኩት። ጫት እስከ ሌሊት ስምንት፣ ከዚያ ቡና፣ ጠዋት ክላስ። ኪኒኑን አልሰጠሁትም፤ ተቀይሞ ወጣ። በአሥረኛው ቀን ግን የዶርሙን ልጅ ይዞ መጣ፤ መድኃኒቱ በእውነት የታዘዘለትን። ልጁ የወሩ ማዘዣ ሳይደርስ ካፕሱሉ አልቆበታል፤ ትንሽ አስቀድመህ ስጠኝ ነው የሚለው።

«ሰላሳ ነበር እኮ» አልኩት።

«ለልጆቹ ሳካፍል...» ብሎ ጓደኛውን አየ። ባንኮኒው ላይ ባለችው ካላንደር የዋጠባቸውንና ያልዋጠባቸውን ቀናት አብረን ቆጠርን። ዘጠኝ ቀን ጎድሏል። ቀኖቹን ወረቀት ላይ ጽፌ ለሐኪሙ እንዲያሳይ ሰጠሁት። ጂሲው የጓደኛውን ቦርሳ ተሸክሞለት ወደ ሪፈራል በር ተሻገሩ፤ ባጃጅ እየጠበቁ ሳሉ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።